እስከ ከተራ እሑድ ክፉ ወሬ እንዳይጻፍልኝ

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አማቼና አስተማሪዬ ለቄስ ወልደ ጻድቅ፤ ደቅ ደሴት።

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እያልሁ መስቀልዎን እሳለማለሁ። እናታችን ካረፈችበት ዕለት ጀምሮ እናት ሆና ላሳደገችኝ ለእኅቴ ለእታለም ለእናትዓለም፣ ክረምቱ ደረቷን እንዴት አድርጎ አሳለፋት እያልሁ ጉልበቷን ስሜ ሰላም እላለሁ። ለልጃችሁ ለዜማ፣ «የፊት ጥርስሽ በቀለልሽ ወይ ብሏል አጎትሽ» በሉልኝ። ለአክስቴ ለየሺአረግ፣ እኔን ሳትነቅፍ የዋለችበት ቀን ካለ ለዚያ ቀን ልዩ ሰላምታ ይድረሳት። ለጎረቤታችን ለእማሆይ ወለተ ሚካኤል፣ በጸሎታቸው ስሜን እንዳይዘልሉት በግንባሬ ተደፍቼ እለምናለሁ። ለግቢያችን ሾላም ሰላም በሉልኝ፤ ይህ ደብዳቤ እንደ ልማዳችሁ ከሥሩ ተቀምጣችሁ በእርስዎ ድምፅ ለሁሉም እንደሚነበብ አውቃለሁና።

ሰላምታዬ ከረዘመ ይቅር ይበሉኝ። ሰላምታው ሲያልቅ የጠየቁኝን መመለስ ስለሚመጣ እጄ ይዘገያል።

የቁንዝላው ሰውዬ «ፍሬ ስብሐትን ስልክ ላይ አንገቱን ደፍቶ አገኘሁት፤ ቁማር ይዟል» ብሎ የነገራችሁ እውነት ነው። ቀኑን ሙሉ ማለቱ ግን ሐሰት ነው። ቀን ቀን በሐይቁ ዳር ባለ አንድ ማረፊያ ቤት አትክልት አጠጣለሁ፤ ሣር አጭዳለሁ፤ የወደቀ ቅጠል እለቅማለሁ። ጨዋታው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ያስተማረኝ ኪዲ ይባላል፤ በማረፊያ ቤቱ እንግዳ የሚቀበል፣ አባቱ ለፋብሪካ ሥራ ከድሬዳዋ የመጣ የከተማ ልጅ ነው።

ጨዋታው ፖከር ይባላል። ከየአገሩ ብዙ ሰዎች፣ አንዱ የሌላውን ፊት ሳያይ፣ በስልክ ውስጥ በአንድ ውድድር ይቀመጣሉ። ለእያንዳንዱ ሁለት ካርታ በስውር ይታደለዋል፤ ከዚያ አምስት ካርታ ለሁሉ በግልጥ በመሐል ይዘረጋል። ከእነዚህ የተሻለውን ያጣመረ ያሸንፋል። ጠጠር የሚባለው መወራረጃ ያለቀበት ይወጣል፤ መጨረሻ የቀረው ዋናውን ሽልማት ይወስዳል። ዕድል ብቻ እንዳይመስልዎ። የሚታገሥና ሰው ከሸሸገው ነገር የያዘውን የሚገምት ይበልጣል። ኪዲ «አንተ ሰው ሲደብቅህ ይታይሃል፤ ይህ ስጦታ ነው» ይለኛል።

ለመስቀል ያልመጣሁበትን ምክንያት ለጠየቁኝም ይኸው ነው። ሽልማቱን ይዤ፣ እታለምን ወደዚህ አምጥቼ፣ ደረቷን በደንብ ለሚመረምር ሐኪም ላሳይ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። ከመስቀል በፊት በነበረው እሑድ ብዙ ሰው ወጥቶ ጥቂት ቀርተን ሳለ ሁለት ንጉሥ ደረሰኝ። ከንጉሥ የሚበልጥ አስ የሚባል ካርታ ብቻ ነው። ያለኝን ጠጠር ሁሉ ወደ መሐል ገፋሁ። ያ ሰው የያዘው አንድ አስና አንዲት ንግሥት ነበር። አራቱ ካርታ ሲገለጥ እየመራሁ ነበር። የመጨረሻዋ አስ ሆነች። ስሕተት አልሠራሁም፤ ኪዲም «አልተሳሳትህም» አለኝ። አለመሳሳቴ ግን የበለጠ ጎዳኝ። ብሳሳት ኖሮ ራሴን እወቅስና እተኛ ነበር።

እስካሁን ያልነገርኋችሁ አንድ ነገር አለ። ለሚካኤል ተስያለሁ። ካሸነፍሁ ለደብራችን ባለ ወርቅ ዘርፍ ጃንጥላ አገባለሁ ብያለሁ። ስለዚህ ይህ ነገር ቧልት አይደለምና እንዳትቀየሙኝ።

ስልክ ለምን እንደማልደውልም ጠይቀውኛል። እታለም ድምፄን ከሰማች ዐይኔን ያየች ያህል ታውቅብኛለች። ደብዳቤ ግን ያልወደድሁትን ቀድጄ እንደ ገና እጀምረዋለሁ።

ሽልማቱን እንዳገኘሁ በማግስቱ ጀልባ ላይ ነኝ። ጀልባ ነጂው ሣህሉ ሲመለስ መልስዎን ይላኩልኝ።

ታዛዥዎ ፍሬ ስብሐት


ደቅ፣ ጥቅምት 26 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጃችን ለፍሬ ስብሐት።

ሰላም ለአንተ ይሁን። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ዜማ «ጥርሴ በቅሏል፤ ግን ጠማማ ነው» በልልኝ ብላለች። እማሆይ ስምህን አልዘለሉትም፤ እንዲያውም ከእኔ ስም አስቀድመው እንደሚጠሩት ሰምቼ ቅር ብሎኛል። እናትዓለም ግንባርህን ስማሃለች።

ደብዳቤህን እንደ ደንባችን ከሾላው ሥር አነበብሁት። ስለ ካርታው ስደርስ እናትዓለም እጇን አነሣች።

«የንጉሡን ነገር ይድገሙልኝ» አለች።

ደገምሁላት።

«ሁለት ንጉሥ ይዞ ነው በአንዲት ካርታ የተሻረው?»

«እንዲያ ይላል።»

«አይ የኔ ልጅ። አንዱን ንጉሥ ደብቆ ማስቀመጥ ነበረበት።»

ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረባትና ጥቂት ጠበቅናት። ስለ ስለቱ ሳነብ አክስትህ የሺአረግ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። «ሚካኤልን ቁማር ሊያስቀምጠው ነው እንዴ ይህ ልጅ?» አለች። እናትዓለምም «ተይው አንቺ፤ የደብሩ ጃንጥላ እንደሆን ካረጀ ቆይቷል» ብላ ዝም አሰኘቻት። ስለዚህ የእኅትህን ጥብቅና አግኝተሃል። የእኔን ግን አላገኘህም። ታማሚ ይሳላል፤ ማዕበል የያዘው ባለ ታንኳ ይሳላል። አንተ ያቺ ካርታ እንድትወድቅልህ ስትሳል፣ የምትወድቅበት ሰው ቤት የሚጠብቀው ሰው የለውም ወይ? ይህን አስብና ስለቱን ተወው።

ስለ እናትዓለም ደረት ጠይቀሃል። ከቤት እስከ ሾላው ስትመጣ መሐል መንገድ ላይ ተቀምጣ ታርፋለች። መደቧን ወደ በሩ አዙረንላታል፤ ከተኛችበት ሐይቁ ይታያታል። ጀልባዋ ስትመጣ ከሁላችን ቀድማ የምታያት እርሷ ናት። «ሣህሉ ነው፤ ከኋላው የተቀመጠውን ግን አልለየሁትም» ትላለች። እንደምትጠብቅህ ሳትናገር የምትናገረው እንዲህ ነው።

ወደ ሐኪም ልውሰድሽ ያልኸውን ሰምታለች። መልሷን ቃል በቃል እጽፍልሃለሁ፤ «ሐኪሙ ይቆየኝ። ለኅዳር ሚካኤል ባዶ እጁን ይምጣና ዐይኑን ልየው።»

ያንኑ ቃል ሁለተኛ አስጽፋኛለች፤ ባዶ እጁን ይምጣ።

አማችህ ቄስ ወልደ ጻድቅ


ባሕር ዳር፣ ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አማቼ ለቄስ ወልደ ጻድቅ።

ለእርስዎ፣ ለእታለም ለእናትዓለም፣ ጥርሷ ጠማማም ቢሆን ለማትከፋው ለዜማ፣ ለአክስቴ ለየሺአረግ፣ ለእማሆይ ወለተ ሚካኤል፣ የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛላችሁ። እኔ ጤናዬ ደኅና ነው። ሌላው ነገሬ ግን ደኅና አይደለም።

ለሚካኤል በዓል አልመጣሁም። ጀልባዋ ስትመጣ እታለም ከኋላ የተቀመጠውን ሰው ለመለየት ስትጥር በዐይኔ ላይ ነበረች። ይቅርታ የምጠይቅበት ቃል ፈልጌ አጣሁ፤ ከእርስዎ የተማርሁት የደብዳቤ አጻጻፍ ለዚህ የሚሆን ቃል አልነበረውም።

ከበዓሉ በፊት በነበረው እሑድ ከሽልማት ተቀባዮች ለመግባት አንድ ሰው ብቻ መውጣት ነበረበት። የወጣሁት እኔ ነኝ። አሁንም ብልጫው የእኔ ነበር፤ አሁንም የመጨረሻዋ ካርታ ገለበጠችኝ። በማግስቱ አንዲቷን ጽጌረዳ ብቻ እያጠጣሁ ቆሜ፣ ውኃው መንገዱን አልፎ የእንግዶቹ ደጅ ሲደርስ ነው የነቃሁት። አለቃዬ «ሐይቁ አልበቃ ብሎህ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ።

ኪዲን «እኔን ብቻ ለምን መረጠችኝ?» አልሁት።

«ማን?»

«የመጨረሻዋ ካርታ።»

«ስማ፣ ካርታ አያውቅህም። ክፉህንም ደግህንም አያስብም።»

«ሁለተኛዬ ነው እኮ።»

«እኔ ዘንድ መጥቶ እንዲህ ያላለ ሰው የለም። ሂድ፣ ፊትህን ታጠብና ና።»

ኪዲ በዚህ ነገር ብዙ የተቃጠለ ስለሆነ ሽንፈት የሚቻልበትን መንገድ ያስተምረኛል። ሲገለብጡህ ስልኩን አስቀምጠህ ከወንበርህ ተነሣ ይለኛል፤ ፊትህን በቀዝቃዛ ውኃ ታጠብ፣ ያቺንም ካርታ በልብህ ደግመህ አትግለጣት ይላል። እኔ ግን እየደጋገምሁ እገልጣታለሁ። ሣር ሳጭድ እገልጣታለሁ። ቅዳሴ ቆሜ ሳይቀር ገልጫታለሁ። ልቤም «ዕድል አንድ ጊዜ በድላሃለች፤ ሁለት ጊዜ በድላሃለች፤ እንግዲህ ልትክስህ ይገባታል» ይለኛል። ኪዲ ይህ ሐሳብ ብዙዎችን ያጠፋ ነው ይላል። አውቃለሁ፤ ግን ሐሳቡን እንዴት እንደማባርረው አላውቅም። የተበደልሁትን ሳልቀበል ብመጣ፣ መበደሌ ለዘለዓለም የሚጸና ይመስለኛል።

አሁን ልለምናችሁ ወደ ወደድሁት ነገር ደረስሁ። ዘንድሮ ከተራ እሑድ ይውላል። በዚያ ዕለት ከሁሉ የሚበልጠው ውድድር አለ፤ ኪዲም ቦታ አስገኝቶልኛል። እርሱ አጥብቆ የሚለኝ አንድ ነገር አለ፤ ልቡ የታወከ ሰው መቀመጥ የለበትም። የሚያዝን ሰው ትዕግሥቱ ያልቃል፤ ባዶ ካርታ ይዞ ጠጠሩን ይገፋል። እኔ ደግሞ የእርስዎን ደብዳቤ ካነበብሁ በኋላ የእታለም ሳል ከጆሮዬ አይወጣም።

ስለዚህ እባካችሁ፣ እስከ ከተራ እሑድ ድረስ ክፉ ወሬ አትጻፉልኝ። የታመመ ቢኖር፣ የተጣላ ቢኖር፣ ምንም ነገር ቢሆን፣ ይቆየኝ። ደኅና የሆነውን ብቻ ጻፉልኝ። ከዚያ በኋላ ሁሉንም እሰማለሁ፤ ሁሉንም እክሳለሁ።

ለእታለም አንድ ጋቢ በሣህሉ እጅ ልኬአለሁ። ብርድ እንዳይነካት። ልኳ መሆኑን ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ፍሬ ስብሐት


ደቅ፣ ኅዳር 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለፍሬ ስብሐት።

ሰላም ለአንተ ይሁን። እናትዓለም ሰላም ብላሃለች። ዜማም፣ የሺአረግም፣ እማሆይም ሰላም ብለውሃል።

ደብዳቤህን አነበብሁላቸው። ከሾላው ሥር ሳይሆን እቤት ውስጥ፣ ከመደቡ አጠገብ ተቀምጠን ነው። ልመናህ ላይ ስደርስ የሺአረግ «ይህ ምን ይባላል?» ብላ ልትጀምር ነበር፤ እናትዓለም በዐይኗ ከለከለቻት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እንደ ጠየቀ ይሁንለት» አለች። «ልቡ እንዳይታወክ ብሏል። ቃል ግቡልኝ» አለች። ሁላችንንም በየተራ አስገባችን። ዜማ ሳትቀር ቃል ገብታለች፤ የገባችበትን ነገር ግን አታውቀውም።

እኔም ቃል ገባሁ። ቄስ ነኝና የሰጠሁትን ቃል አላፈርስም፤ ቄስ ነኝና ሐሰትም አልጽፍልህም። በሁለቱ መካከል ላንተ የምጽፈው ጥቂት ይሆናል። ደብዳቤዬ ካጠረ አትቀየመኝ።

ጋቢው ደርሷል።

ጀልባዋ ሐሙስ ከዚያ ተነሥታ ወደዚህ ትመጣለች። ብትመጣባት ደስ ይለናል። ከዚህ በላይ እንድጽፍ አልተፈቀደልኝም፤ የከለከልኸኝም አንተ ነህ።

አማችህ ቄስ ወልደ ጻድቅ


ደቅ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለፍሬ ስብሐት።

ሰላም ለአንተ ይሁን። ዜማ ሰላም ብላሃለች። አክስትህ የሺአረግ ሰላም ብላሃለች፤ በዚህ ወር አንድም ቀን አልነቀፈችህም። እማሆይ ወለተ ሚካኤል በጸሎታቸው አልረሱህም።

በሐይቁ ላይ ነፋሱ በርትቷል። ለታንኳ የሚሆን ደንገል የሚያጭዱ ሰዎች ታንኳቸውን አሥረው እስኪያልፍ ጠበቁ። ዘንድሮ ጤፉ መልካም ነው።

በመካከል በላክኸው ደብዳቤ የጠየቅኸኝን እመልሳለሁ። ጋቢው ልኳ ነው ወይ ብለሃል፤ ልኳ ነው። አልብሰናታል። ሳሉስ ብለሃል፤ ሳሉ ትቷታል። ዜማ ለምን ከአክስትህ ቤት እንደምታድር ከሣህሉ ሰምተህ ጠይቀኸኛል፤ የሺአረግ ብቻዋን እንዳትሆን ነው፤ ዜማም ብቻዋን እንዳትሆን ነው። እኔ ወደ ደብሩ ጠጋ ብያለሁ።

ልጄ፣ ያስገባኸን ቃል ይከብዳል። ሊፈታው የሚችል አንተ ብቻ ነህ። «ጻፉልኝ» ብለህ አንዲት ቃል ከላክህ፣ በዚያው ቀን ሁሉን እጽፍልሃለሁ። ካልላክህ እስከ ከተራ እጠብቃለሁ።

ወልደ ጻድቅ


ባሕር ዳር፣ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ።

መስቀልዎን እሳለማለሁ። ለእኅቴ ለእታለም ለእናትዓለም ጉልበቷን ስሜ ሰላም እላለሁ። ለዜማ ሰላም እላለሁ። ለአክስቴ ለየሺአረግ ሰላም እላለሁ፤ ብትነቅፈኝ ይሻለኝ ነበር። ለእማሆይ ወለተ ሚካኤል ሰላም እላለሁ። ለሾላውም።

የእታለምን ስም ለምን እንደ ጻፍሁ ከደብዳቤዬ መጨረሻ እነግርዎታለሁ።

በከተራ ዕለት አልጫወትም ለማለት አልደፈርሁም። ታቦቶቹ ወደ ሐይቁ ሲወርዱ የዝማሬው ድምፅ ከማረፊያ ቤቱ አጥር ማዶ ይሰማኝ ነበር። እኔ ከፓፓያው ዛፍ ሥር፣ ኢንተርኔቱ ከሚደርስበት ጫፍ ላይ ተቀምጫለሁ። ትዕግሥቴ ከዚያ ቀን በፊት እንዲያ ሆኖ አያውቅም። ሰዎቹ እየወጡ እየወጡ አንድ ጠረጴዛ ላይ ቀረን። ሁለት አስ ደረሰኝ። ከዚህ የሚበልጥ እጅ የለም። ያ ሰው ሁለት ዘጠኝ ይዞ ያለውን ሁሉ ገፋ፤ እኔም ገፋሁ። አራት ካርታ ተገለጠ፤ አልተነካሁም። ከቀሩት አርባ አራት ካርታዎች እርሱን የሚያድኑት ሁለት ብቻ ነበሩ። ከሁለቱ አንዱ መጣ።

እንደ ልማዴ የማለቅስ መስሎኝ ነበር። ስልኩን ሣሩ ላይ አስቀመጥሁ። ወደ ሐይቁ ወርጄ ፊቴን ታጠብሁ። ካርታዋን በልቤ ደግሜ አልገለጥኋትም። ኪዲ ከኋላዬ መጥቶ ትከሻዬን ይዞ «ዛሬ ገና ተጫዋች ሆንህ» አለኝ። አባቴ፣ እውነቱን ልንገርዎ፤ በራሴ ኮራሁ። ጽናት ማለት ይህ ነው አልሁ። ልቤ የጸናው እናንተ ስለ ተሸከማችሁልኝ መሆኑን አላወቅሁም ነበር።

በጥምቀት ማግስት፣ ባዶ እጄን እንደምመጣ ጽፌ ደብዳቤውን ለሣህሉ ልሰጥ ወደ ወደቡ ወረድሁ።

«አንተ ልጅ፣ አሁንስ አድካሚ ሆንህብኝ» አለኝ። «ድሮ ደብዳቤህን ከውኃው ዳር አድርሼ እመለስ ነበር። አሁን ደብሩ ድረስ ሽቅብ መውጣት አለብኝ።»

«አማቼ ለምን ቤት አይውሉም?»

«የምን ቤት? ትናንት በጥምቀት አየኋቸው እኮ። ቆቡ ደግሞ እንዴት አምሮባቸዋል መሰለህ።»

«የማን ቆብ?»

«የአማችህ ነዋ።» ከዚያ ፊቴን አየ። አንገቱን አዞረና የተፈታውን የጀልባ ገመድ እንደ ገና ይፈታ ጀመር። «እኔ እንግዲህ ጀልባ ነጂ ነኝ» አለ፤ «የሰው ቆብ ምን አውቄ።»

የቤተ ክህነት ትምህርት የተማርሁት አራት ዓመት ነው፤ ይህን ለማወቅ ግን ይበቃኛል። ሚስቱ ያረፈችበት ቄስ ሁለተኛ አያገባም፤ ይመነኩሳል። ሚስቱ ከቤት ያለች ቄስ ቆብ አይደፋም።

ወደ ክፍሌ ተመልሼ የታኅሣሡን ደብዳቤዎን አወጣሁ። ሲደርሰኝ ሦስት ጊዜ አንብቤው ነበር፤ ሰላም ነው ብዬ ነበር። አሁን ሰላምታውን ብቻ አነበብሁት። የዜማ አለ። የየሺአረግ አለ። የእማሆይ አለ። ማንነቱን የማላውቀው ሰው ከሌላው የዓለም ጫፍ ተቀምጦ የያዘውን ካርታ እገምታለሁ የምል እኔ፣ በእርስዎ እጅ ያልተጻፈውን አንድ ስም አላየሁም። ምናልባት አይቼው ይሆናል። ከተራ እስኪያልፍ ድረስ እንዳላይ የለመንሁ እኔው አይደለሁም?

«ጻፉልኝ» ብለህ ቃሌን ፍታኝ ብለውኝ ነበር። አልፈታዎትም። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር በወረቀት አይነገርም። ማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ሲወድቁ የሚይዝ ሰው በግራና በቀኝ ቆሞ ነው የሚነገረው። እታለም እናታችን ያረፈች ጊዜ እንዲያ አድርጋ ይዛኛለች፤ እጇ ክንዴን ያመመኝ ዛሬም ድረስ ይታወሰኛል። ስለዚህ እንዳልሰማ ሰው ሆኜ ልምጣ። ከጀልባው ኋላ እቀመጣለሁ። በሩ ክፍት ከሆነ አትዝጉት፤ መደቧም እንደ ዞረ ይቆይልኝ። ጃንጥላ አልያዝሁም፤ ሽልማት አልያዝሁም። ባዶ እጁን ይምጣ ብላ ሁለት ጊዜ እንዳስጻፈችው ነው የምመጣው። ከሾላው ሥር ተሰብስባችሁ ጠብቁኝ፤ አክስቴ የሺአረግ በቀኜ ትቁም፤ እርስዎ ራስዎ ይንገሩኝ። ሲነግሩኝ ግን አንድ ነገር አይሸሽጉኝ። ያን ልመናዬን ከሰማች በኋላም ጀልባዋ ስትመጣ ከኋላ የተቀመጠውን ለመለየት ትሞክር ነበር ወይ?

እስከዚያ ድረስ ማንም አልነገረኝም። ስላልነገራችሁኝ ሰላምታዬን ለእርሷም ጽፌአለሁ፤ ከእንግዲህ የምጽፍበት ደብዳቤ ስለማይኖር። ይህንንም ደብዳቤ እንደ ልማዳችሁ ጮክ ብለው ያንብቡት፤ ስሟንም ሲደርሱ አይዝለሉት።

ከልብሴ ጋር ወደቡ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። በዚሁ በሣህሉ ጀልባ መልስዎን ይላኩልኝ። ልምጣ ወይስ አልምጣ?

ፍሬ ስብሐት